ድንበር ተሻጋሪ የንግድ ውል፦ ክርክር ቢነሳ የት እንዳኛለን?

ከሳዑዲ ዓረቢያና ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር የሚነግዱ ወገኖቻችን በርካታ ናቸው። ብዙዎች ስለ ዋጋና ጭነት ይስማማሉ፤ ክርክር ቢነሳ ማን እንደሚዳኝ ግን በውሉ ላይ አያሰፍሩም። በዚህ ጽሑፍ ይህን ጉዳይ በአጭሩ እንመለከታለን።

የውጭ ፍርድ ቤት ፍርድ

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 458 እንደሚለው፣ የውጭ አገር ፍርድ በኢትዮጵያ የሚፈጸመው ቅድመ ሁኔታዎች ሲሟሉ ነው። ከእነዚህም መካከል ፍርዱን የሰጠው አገር የኢትዮጵያን ፍርዶች የሚያስፈጽም መሆኑ፣ ተከሳሹ የመከላከል ዕድል ማግኘቱና ፍርዱ የመጨረሻ መሆኑ ይገኙበታል። ስለዚህ ውጭ አገር ማሸነፍ ብቻውን ገንዘብ አያስመልስም።

የግልግል ዳኝነት

ኢትዮጵያ የኒውዮርክ ስምምነት በመባል የሚታወቀውን የ1958 (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 አጽድቃለች። ሳዑዲ ዓረቢያ በ1994፣ ኤምሬትስ ደግሞ በ2006 (እ.ኤ.አ.) የስምምነቱ አባል ሆነዋል። በመሆኑም ዱባይ ላይ የተሰጠ የግልግል ውሳኔ አዲስ አበባ ላይ፣ የአዲስ አበባውም ዱባይ ላይ እንዲፈጸም መጠየቅ ይቻላል። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያ ስምምነቱን ከመቀላቀሏ በፊት የተደረጉ የግልግል ስምምነቶችን አይሸፍንም። የአገር ውስጡን አሠራር የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ነው።

በውሉ ላይ ምን እንጻፍ?

• ግልግሉ የሚካሄድበት አገርና ከተማ
• የዳኞቹ ቁጥርና አመራረጥ
• የክርክሩ ቋንቋ
• ውሉ የሚተዳደርበት አገር ሕግ
• ግልግሉን የሚመራው ተቋም፣ ካለ

"አለመግባባት ቢፈጠር በሽምግልና ይፈታል" ብሎ ብቻ ማለፍ በቂ አይደለም። እርቅና የግልግል ዳኝነት ይለያያሉ፤ አስታራቂ ያግባባል፣ የግልግል ዳኛ ግን አስገዳጅ ውሳኔ ይሰጣል።

ጠበቃና ውክልና

አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩ ፈቅዷል። ከመዋዋላችን በፊት የጠበቃውን ፈቃድ እንጠይቅ። ንብረቱ በሁለት አገር ከሆነ በሁለቱም አገር ፈቃድ ያለው ባለሙያ ያስፈልጋል። ውጭ ሆነን ውክልና ስንሰጥ ሰነዱ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ መረጋገጥ አለበት። ለወኪሉ የሚሰጠው ሥልጣንም ተዘርዝሮ ይጻፍ፤ "ማንኛውንም ነገር" የሚል ልቅ ውክልና ለጥፋት በር ይከፍታል።

ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ግንዛቤ የቀረበ ሲሆን የጠበቃን ምክር አይተካም። ለውል ዝግጅት የምንከፍለው ክፍያ ከብዙ ዓመት ክርክር ወጪ እጅግ ያንሳል።