የሕጻናት ካንሰር ምርምርና የመንግሥት በጀት

አዲስ አበባ፦ በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ነዋሪው እስከ ዛሬ «ፓስተር» እያለ በሚጠራው አካባቢ፣ ሁለት የመንግሥት ተቋማት በጉርብትና ይገኛሉ፤ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅና የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት። የመጀመሪያው ያክማል፣ ሐኪሞችንም ያሠለጥናል፤ ሁለተኛው የአገሪቱን የጤና ሁኔታ ያጠናል። መንግሥት ለሕጻናት ካንሰር ምርምር የሚያወጣው ገንዘብ በአብዛኛው የሚያልፈው በእንዲህ ዓይነት ተቋማት በኩል ነው፤ በሐኪም ደመወዝ፣ በቤተ ሙከራ ወጪና በተመራማሪ ተማሪዎች ጥናት መልክ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 400 ሺሕ ያህል ሕጻናትና ታዳጊዎች በካንሰር ይያዛሉ። በበለጸጉ አገሮች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሲድኑ፣ በብዙ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ግን የሚድኑት ከ30 በመቶ በታች ናቸው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ባደረገው ዕቅድ ይህን ቁጥር በ2030 ቢያንስ ወደ 60 በመቶ ለማድረስ ታስቧል።

ልዩነቱን የፈጠረው የአዳዲስ መድኃኒቶች እጦት ብቻ አይደለም። ለሕጻናት የደም ካንሰር የሚሰጠው ቪንክሪስቲን ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ፣ ከአበባ ተክል የሚገኝ መድኃኒት ነው። ታዲያ ምን ይመረመራል? አርሶ አደሩ መልሱን ከማሳው ያውቀዋል። ከሌላ አገር የመጣ የስንዴ ዝርያ መጀመሪያ በምርምር ጣቢያ፣ ቀጥሎም በአርሶ አደሩ ማሳ ላይ ይሞከራል፤ አፈሩ፣ ዝናቡና በሽታው ይለያያልና። የኬሞቴራፒ መጠንም እንደዚሁ ነው። በደንብ ለተመገበ ሕጻን የተቀመረው መጠን፣ ምግብ ተጎድቶ ዘግይቶ ለመጣ ሕጻን ሲሰጥ፣ ካንሰሩን ቢያሸንፍም ልጁን በኢንፌክሽን ሊገድለው ይችላል። ለዚህ ልጅ የሚስማማው መጠን ስንት ነው? ወላጆችስ ሕክምናውን በየትኛው ወር፣ በምን ምክንያት አቋርጠው ወደ ቀያቸው ይመለሳሉ? እነዚህን ጥያቄዎች የውጭ ኩባንያ በራሱ ተነሣሥቶ አያጠናም፤ ትርፍ የላቸውምና።

ጥናት ደግሞ በቆጠራ ይጀምራል። የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ እ.ኤ.አ. በ2011 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተቋቁሟል። ይሁን እንጂ ስሌቱ የሚመለከተው የከተማዋን ነዋሪዎች ነው። ከጎጃም ወይም ከወሎ ተነሥቶ አዲስ አበባ የታከመ የአርሶ አደር ልጅ በሆስፒታሉ ካርድ ላይ እንጂ በዚያ ስሌት ውስጥ አይገኝም። የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2015 ያካሄደው አገር አቀፍ የተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ጥናትም ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት የሆኑትን የተመለከተ ነበር። ያልተቆጠረ ልጅ በጀት አይጠየቅለትም፤ በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ ተጨማሪ ብር ከተገኘ አስቀድሞ መዋል ያለበት በክልሎች ለሚደረግ ምዝገባ ነው።

ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2023 የሚያገለግል የሕጻናትና ታዳጊዎች ካንሰር መቆጣጠሪያ ዕቅድ አውጥቶ ነበር። ከዚያ በፊት ብዙውን ሸክም የተሸከሙት ወላጆች ናቸው። በደም ካንሰር ባረፈ ሕጻን ስም የተሰየመው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው በሕጻኑ ወላጆች ነው።

በጀት ከየት ይመጣል ለሚለው ጥያቄ ከአሜሪካ የሚጠቀስ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የጸደቀውና በአንጎል ካንሰር በሞተች የ10 ዓመት ልጅ ስም የሚጠራው የጋብሪኤላ ሚለር ሕግ፣ ቀድሞ ለፖለቲካ ፓርቲዎች ጉባኤ ይሰጥ የነበረውን የመንግሥት ገንዘብ ወደ ሕጻናት ሕመም ምርምር አዞረ። መጠኑ ለ10 ዓመታት በየዓመቱ 12.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

ወላጆች ልብ ሊሏቸው የሚገቡ ምልክቶች አሉ፦ በዐይን ብሌን ላይ የሚታይ ነጭ ነጸብራቅ፣ በአንድ በኩል የሚያብጥ ሆድ፣ የማይጠፋ የአንገት ወይም የመንጋጋ እብጠት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ከመገርጣትና ከመድማት ጋር። ምልክቱ ሲታይ ቅርብ ወደሚገኘው ጤና ጣቢያ መሄድና ወደ ሆስፒታል የሚያስተላልፍ የሪፈር ወረቀት መጠየቅ ያስፈልጋል። ቤተሰቡ የመኖሪያ ወረዳውንና ቀበሌውን በትክክል ያስመዝግብ፤ ሐኪሞች ቀጠሮ ያለፈበትን ልጅ የሚፈልጉት በዚሁ አድራሻ ነው።