ሽንገላ

«ሸነገለ» ሁልጊዜ ክፉ ግሥ አይደለም። እናት የሚያለቅስ ልጇን «እሺ የኔ ጌታ፣ አባባ ከረሜላ ይዞልህ ይመጣል» ብላ ስትሸነግለው የሚቆጣት የለም። ውሸት የሌለውን አለ ይላል። ሽንገላ ግን ሰሚው ምን መስማት እንደሚወድ አውቆ እሱኑ ያቀርብለታል። ስለዚህ እውነት እየተናገሩም መሸንገል ይቻላል፤ እኔም ከውሸት ይልቅ እሱን የምፈራው ለዚህ ነው።

ጳውሎስ በሮሜ 16 የሚያስጠነቅቀው በለሰለሰ አፍ የየዋሃንን ልብ ከሚያታልሉ ሰዎች ነው። መዝሙረኛውም ሸንጋይ ከንፈርን ከሁለት ልብ ጋር ያያይዘዋል። እስከዚህ ድረስ ሸንጋዩ ሌላ ሰው ስለሆነ፣ ልብን መጠበቅ ከእሱ መራቅ ብቻ ይመስላል።

ኤርምያስ 17 ግን ጣቱን የሚቀስረው ወደ ልብ ወደ ራሱ ነው። ዳዊትን እንይ። ሚስቱን የወሰደበትን ወታደሩን ኦርዮን ውጊያው በበረታበት ግንባር እንዲያሰልፈው ለጦር አዛዡ ለኢዮአብ ደብዳቤ ጻፈ፤ ደብዳቤውን ያደረሰው ኦርዮ ራሱ ነበር። መርዶው ሲመጣ ንጉሡ ሰይፍ ማንንም እንደሚበላ አስታውሶ ኢዮአብን አጽናና። እውነቱን ነው፣ ሰይፍ ማንን ይመርጣል? ሽንገላ ማለት ይህች ናት፤ ሸንጋዩም ተሸንጋዩም አንድ ሰው። (ቤተ መንግሥት ውስጥስ ማን ደፍሮ ይናገረው?) ነቢዩ ናታን የመጣው ክስ ይዞ ሳይሆን ስለ አንድ ድኻና ስለ አንዲት በጉ ሊያወራ ነው። ዳዊት ተቆጥቶ በበጓ ነጣቂ ላይ ሞት እስኪፈርድ ጠበቀና ነጣቂው ማን እንደሆነ ነገረው።