ስለ «ሕዋስ» የቃል ታሪክ

በደባርቅና በዳባት የአብነት ትምህርት ቤቶች ፊደል ቆጥሮ ያደገ ሰው «ሕዋስ» የሚለውን ቃል ያወቀው ከማይክሮስኮፕ በፊት ነው። በግእዙ ትምህርት ሕዋሳት አምስት ናቸው፤ ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስና መዳሰስ። ቃሉ በሥነ ሕይወት መጻሕፍት የሴል መጠሪያ በሆነ ጊዜ፣ አሮጌው ትርጉም ስፍራውን ሳይለቅ አዲሱ በላዩ ተደረበ።

ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 ስስ የቡሽ ቅራፊ በማይክሮስኮፕ ተመልክቶ፣ ያያቸውን ቀዳዳዎች ከማር እንጀራ ጋር አነጻጸረ፤ «ሴል» ብሎም ሰየማቸው። ስሙ ጠባብ ክፍል ማለት ከሆነው የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን፣ የመነኩሴ ማደሪያም በዚሁ ይጠራል። እንግዲህ ቃል በቃል ይመለስ ቢባል ኖሮ «በኣት» በተገባ ነበር፤ ከስሜን ደጋ በታች ባለው ቆላ የሚገኘውን የዋልድባን ገዳም የሚያውቅ ሁሉ ወዲያው በተረዳው ነበር። ይሁን እንጂ ሁክ ያየው የሞተውን ተክል ግድግዳ እንጂ ነዋሪውን አልነበረም። ሽላይደንና ሽቫን እ.ኤ.አ. በ1838 እና በ1839 ተክልም እንስሳም በሴል የተገነባ መሆኑን ካስረዱ ወዲህ፣ ባዶ ክፍል የሚለው ሐሳብ አይበቃም። ስሜትን የሚያስታውሰው «ሕዋስ» መመረጡ በእኛ አስተያየት ከላቲኑ ይሻላል።

ችግሩ ሌላ ነው። ሕፃኑ በአንደኛ ደረጃ ዓይን የስሜት ሕዋስ ነው ይባላል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሕዋስ አብዛኛውን ጊዜ በዓይን አይታይም ይባላል። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ባዮሎጂን የሚማረው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ቋጠሮው ሳይፈታለት ይሻገራል። በዚህ ላይ «ተሐዋስያን» አለ። በግእዙ የሚንቀሳቀሱ ፍጥረታት ማለት ሲሆን፣ ዛሬ ለረቂቃን ነፍሳት ይነገራል፤ ድምፁም ከ«ሕዋስ» ጋር ይምታታል።

መምታታቱ ከክፍል ውጭም ይጎዳል። ከደባርቅ ሊማሊሞን ወርዶ በአዲ አርቃይ ቆላ የከረመ ደገኛ ንዳድ ይዞት ሲመለስ፣ የጤና ሠራተኛው የወባ ተሐዋሲ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ እንደሚራባና እንደሚያፈነዳው ያስረዳዋል። ሁለቱን ቃላት ያልለየ ሰው አጥቂውን ከተጠቂው አይለይም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የደምቢያ ሜዳ በወባ ወረርሽኝ ከተጠቃ ብዙም ሳይቆይ መሆኑን ስናስብ፣ ነገሩ ለዚህ አገር ሰው እንግዳ አይደለም።

ስለዚህ «ሕዋስ» ለሴል ብቻ እንዲተውና ዓይን፣ ጆሮና የመሳሰሉት «የስሜት ብልት» እንዲባሉ እናሳስባለን። «ኅብረ ሕዋስ» ያለ ችግር ይቀጥላል። ኑክለስን «አስኳል» ማለት ግን፣ ምንም እንኳ ለጆሮ ቢጥም፣ አንደግፈውም። የዶሮ እንቁላል አስኳል ራሱ አንድ ታላቅ ሕዋስ ነው፤ ኑክለሱ የሚገኘው በአስኳሉ ላይ በምትታየው ትንሽ ነጭ ነጥብ ውስጥ ነው። እንቁላል ሰብሮ የሚያሳይ መምህር ይህን ለተማሪው ማስረዳት ሲጀምር ቃሉ ራሱ ይቃወመዋል፤ «ኑክለስ» እንዳለ ቢቀመጥ ይመረጣል።