ቢጫው ዕዳ

«የአባት ዕዳ ለልጅ፣ የአፍንጫ እድፍ ለእጅ» ይባላል። በስኮትላንድ፣ ግላስጎው ሥር ባለችው ራዘርግሌን ግን አባቶች በአፍንጫቸው ከፈሉ፤ ዕዳው ግን ለልጅ ልጆችም ተረፈ።

ነገሩ የጀመረው በውበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1797 ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ኒኮላ ቮክላን ከሳይቤሪያ የመጣ ቀይ የእርሳስ ማዕድን ከፖታሲየም ካርቦኔት ጋር አፍልቶ ደማቅ ቢጫ ፈሳሽ አገኘ። ይህ ፖታሲየም ክሮሜት ነው። አሲድ ሲጨመርበት ብርቱካናማ ዳይክሮሜት ይሆናል፤ አሲዱን የሚያከሽፍ ነገር ሲገባበት ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል። ከእርሳስ ጨው ጋር ሲገናኝ ደግሞ ሠዓሊዎች የወደዱት የክሮም ቢጫ ይዘቅጣል። አዲሱ ንጥረ ነገር «ክሮም» የተባለውም በግሪክኛ ቀለም ማለት ስለሆነ ነው።

ቀለም ገበያ አለው። በራዘርግሌን የሚገኘው የዋይት ቤተሰብ ፋብሪካ የክሮም ማዕድን ፈጭቶ ከኖራና ከአልካሊ ጋር በምድጃ እየጠበሰ ዳይክሮሜት በብዛት ያመርት ጀመር። ብናኙ የሠራተኛውን ቆዳ እየቆረጠ ቁስል ያወጣ፣ የአፍንጫውን መሐል ግድግዳም ይበሳ ነበር።

የፋብሪካው ባለቤት ሎርድ ኦቨርቱን በበጎ አድራጎቱ የታወቀ፣ የሰንበት መከበር ተሟጋች ሰው ነበር። በማላዊ ሊቪንግስቶኒያ የሚገኘው የሚሲዮን ተቋም እንኳ በስሙ ተጠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1899 የሠራተኛ መብት ታጋዩ ኬር ሃርዲ ገመናውን በጽሑፍ አወጣው። ሃርዲ እንደጻፈው የሎርዱ ሠራተኞች በቀን 12 ሰዓት፣ እሑድን ጨምሮ በሳምንት ሰባት ቀን፣ በሰዓት ለ3 ወይም ለ4 ፔንስ ይሠሩ ነበር። ሰንበትን ለሌላው የሚሰብክ ሰው ለራሱ ሠራተኛ ነፍጎታል።

የክሮሜት ክፋቱ መልኩ ላይ ነው። ቅርጹ ለሰውነት የሚያስፈልገውን ሰልፌት ስለሚመስል ሴል በሩን ከፍቶ ያስገባዋል። ከገባ በኋላ ወደ ሌላ ዓይነት ክሮሚየም ሲለወጥ ዲ ኤን ኤ ይጎዳል። በብናኝ መልክ ለዓመታት የሳበው ሰው ለሳንባ ካንሰር ይጋለጣል።

ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1967 ተዘጋ። ዝቃጩ ግን በአካባቢው ጉድጓዶችና ባዶ መሬቶች ተደፍቶ ቀርቷል። ከተዘጋ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2021፣ የፖልማዲ ጅረት ደማቅ አረንጓዴ ሆኖ ታየ። ትርፉን የወሰዱት አልፈዋል፤ ለማጽዳቱ የሚከፍለው ዛሬ ያለው ሕዝብ ነው።

ጉዳዩ ከኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። እንደ ሞጆ ባሉ ከተሞች ቆዳ የሚለፋበት የክሮም ጨው የሚሠራው ከዳይክሮሜት ነው። ጨው ራሱ መርዝነቱ እጅግ ያነሰ ነው። ሆኖም ፍሳሹና ዝቃጩ የሚደርስበት ካልታወቀ ሒሳቡ ተዘጋ ማለት አይቻልም። የፋብሪካ ትርፍ በዓመት ይሰላል፤ የመሬት ቁስል ግን በትውልድ ነው የሚሰላው። ፋብሪካ ሲመረቅ ሪባኑን ማን ቆረጠ ብቻ ሳይሆን፣ ዝቃጩን ማን ይረከባል ተብሎም መጠየቅ አለበት።