የጉንዳኖች የተራክቦ በረራ፦ ከአንድ ሊቅ ማስታወሻ ወደ ሕዝብ መዝገብ



እ.ኤ.አ. በ1730 የሙቀት መለኪያ እርከን ያበጀው ፈረንሳዊው ሬኦሚር የጉንዳኖችን የተራክቦ በረራ አስተውሎ ጽፎ ነበር፤ ጽሑፉ ግን እስከ 1926 ሳይታተም ቆየ።

በብሪታንያ ደግሞ ክንፋም ጉንዳኖች በዓመት በአንዲት ቀን ብቻ ይወጣሉ የሚል እምነት ጸንቶ ኖረ። ይህን እምነት የፈተነው የአንድ ሊቅ ዓይን ሳይሆን፣ ከ2012 እስከ 2014 ተራ ዜጎች ቀንና ቦታ እየጠቀሱ የላኩት ከ13,000 በላይ ምዝገባ ነው። ምዝገባው ከአየር ጠባይ መረጃ ጋር ሲመሳከር፣ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ባሉት አብዛኞቹ ቀናት በአንዱ ወይም በሌላው ስፍራ በረራ እንደነበረ ታወቀ። ጉንዳኖቹ የሚበሩትም ሙቀቱ ከ13 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲበልጥና የነፋሱ ፍጥነት በሰከንድ ከ6.3 ሜትር ሲያንስ ነው።

እንግዲህ ተሰውሮ የቀረ ምልከታ ባለቤቱን ብቻ ያስተምራል፤ ቀንና ቦታ ተጽፎለት ለሌሎች የተላለፈ ግን የቆየ እምነትን ይመረምራል።