ከካታሎግ እስከ ኢንተርኔት መፈለጊያ
የራቤልን ስም ፈልጎ የማግኘት ታሪክ

አንድ ጽሑፍ መኖሩና መገኘቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በዕቃ ቤት የተቀመጠ መጽሐፍ ስሙና ስፍራው በመዝገብ ካልተገለጸ፣ ለፈላጊው እንደሌለ ይቆጠራል። ይህ ለቤተ መጻሕፍትና ለመዛግብት ባለሙያ አዲስ ነገር አይደለም። ዛሬ አንድ ድረ ገጽ በኢንተርኔት መፈለጊያዎች ዘንድ ጎልቶ እንዲታይ የማድረግ ሥራ የሚባለውም፣ መሣሪያው ቢለወጥ እንጂ፣ ዓላማው ከዚሁ ከጥንቱ ሙያ የራቀ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን ከሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከግሼ ምድር፣ ከራቤል ከተማ ተነሥተን ለመመልከት እንሞክራለን።

የካታሎጉ ዘመን

የብራና መጻሕፍቶቻችን የዛሬውን ዓይነት የርእስ ገጽ የላቸውም። ያስጻፈውን ሰውና መጽሐፉ የተሰጠበትን ደብር የሚገልጸው ቃል ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በመጨረሻው ቅጠል ወይም በኅዳግ ላይ ነው። ስለሆነም የመጽሐፉን ማንነት የሚያውቁት በእጃቸው የያዙት ካህናት ነበሩ።

ይህን ሁኔታ በሰፊው የለወጠው እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ነው። በልዩ ልዩ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት የሚገኙ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት በፊልም ተነሡ። የፊልሙ ቅጂም በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ካታሎጉን በመጀመሪያ ዊልያም ማኮምበር፣ ኋላም የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ አዘጋጁት። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ቁጥር ተሰጠው፤ ይዘቱ ተተነተነ፤ የተገኘበት ስፍራም ተመዘገበ።

ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1993 በታተሙት 10 ቅጾች የተገለጹት የመጀመሪያዎቹ 5,000 መጻሕፍት ናቸው። የቀሩት በዚያው ቤት፣ በዚያው ዓይነት ፊልም ላይ ቢኖሩም፣ ቅጾቹን ብቻ ለሚያገላብጥ የሩቅ ተመራማሪ እንዳልነበሩ ያህል ሆኑ። ልዩነቱን የፈጠረው የመጻሕፍቱ ዋጋ ሳይሆን የመግለጫው መኖርና አለመኖር ነው።

ፊደልና ኮምፒዩተር

ኮምፒዩተር ሲመጣ ይኸው ችግር በሌላ መልክ ተመለሰ። በቀደመው አሠራር ለፊደላት የተመደበው ስፍራ በጠቅላላው 256 ነበር፤ ከዚህም ከፊሉ ለሌላ አገልግሎት የተያዘ ነው። የአማርኛ ፊደል ግን 33ቱ በ7 ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎችና ቁጥሮች ሲጨመሩ ስፍራው ይጠባል። ስለዚህ እያንዳንዱ የፊደል ሠሪ ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ በራሱ ፈቃድ አሰፈረው። አንባቢው በመስኮቱ አማርኛ ያያል፤ መኪናው ግን በውስጡ የያዘው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ነበር። በአንዱ ፊደል የተጻፈው በሌላው አይነበብም፤ መፈለጊያም ሊያውቀው አይችልም።

መፍትሔው የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው 3ኛው የዩኒኮድ እትም ለፊደላችን 345 ስፍራዎች በመደበ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ሆሄ በዓለም ዙሪያ አንድ የማይለወጥ ቁጥር አለው። ከዚያ በፊት በነበሩት ፊደላት ተጽፈው ያልተመለሱ ጽሑፎች፣ እንዲሁም ፎቶግራፍ ሆነው ብቻ የተቀመጡ ገጾች ግን ዛሬም ብዙውን ጊዜ ለመፈለጊያ አስቸጋሪ ናቸው።

ስምና አጻጻፍ

ፊደሉ ቁጥር ካገኘ በኋላ የቀረው የእኛው የጸሓፊዎቹ ጉዳይ ነው። አንድን አገር አንዱ መርሐቤቴ፣ ሌላው መርሃቤቴ፣ ሦስተኛው መርሀቤቴ ብሎ ይጽፋል። ለጆሮ አንድ ነው፤ ለመኪና ግን ሦስት ቃል ነው። ራቤል ራሱ በንግግር መካከል በራቤል፣ ከራቤል፣ የራቤል፣ ራቤልን እየተባለ ይለዋወጣል። በላቲን ፊደልም እንዲሁ ነው፤ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተባለው የእንግሊዝኛ መጽሐፉ መንዝን «ማንዝ» ብሎ ጽፎታል።

ከሁሉ የሚከብደው የአስተዳደር ስም ለውጥ ነው። የቀድሞው ሰነድ ስለዚህ አገር ሲናገር «መንዝና ግሼ አውራጃ፣ ሸዋ» ይላል። የዛሬው ተማሪ ግን «ሰሜን ሸዋ ዞን፣ አማራ ክልል» ብሎ ይፈልጋል። ሁለቱ ሳይገናኙ ይተላለፋሉ። ልጁ የአያቱን አገር ታሪክ ፈልጎ ሲያጣ፣ አልተጻፈም ብሎ ይደመድማል፤ ትልቁ ጉዳትም ይህ ነው።

ምስክርነትና ተንኮል

እ.ኤ.አ. በ1998 የተመሠረተው ጉግል ያመጣው ዋና ሐሳብ፣ አንድን ገጽ ሌሎች ገጾች ምን ያህል ይጠቅሱታል፣ የጠቃሾቹስ ክብደት ምን ያህል ነው ብሎ መመዘን ነው። ይህ በርስት ክርክር ምስክር ይቆጠርበት ለነበረው የደጋ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ምስክር በቁጥር ብቻ ሳይሆን በታማኝነቱም ይመዘናል። ቃላትን ያለ ቦታቸው እየደጋገሙና ጠቃሽ በገንዘብ እየገዙ ለመታየት የሞከሩ ብዙዎች ነበሩ። ጉግልም እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2012 ባደረጋቸው ለውጦች ይህን ዓይነቱን ሥራ ወደ ታች አውርዶታል። ሐሰተኛ ምስክር ውሎ አድሮ መታወቁ አይቀርም።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ከታሪኩ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ስለ ራቤል የሚጽፍ ሰው የቦታውን ስም በርእሱና በመጀመሪያው አንቀጽ በግልጽ ያስቀምጥ። የቀድሞውን አውራጃና የዛሬውን ዞን አብሮ ይጥቀስ። የተለመዱትን የአጻጻፍ ልዩነቶች አንድ ጊዜ በአንድነት ይዘርዝርና ከዚያ በኋላ በአንዱ ይጽና። መፈለጊያዎች አንዳንዱን ልዩነት ቢያቻችሉም፣ ሁሉን ያቻችላሉ ብሎ መተማመን አይገባም። ጽሑፉን በፎቶግራፍ ብቻ ሳይሆን በፊደል ያኑር፤ ሌሎች የጻፉትንም ይጥቀስ፤ ያን ጊዜ እርሱም ይጠቀሳል።

ይህ ሁሉ የካታሎግ ሠሪው የቆየ ሥራ ነው። በማይክሮፊልሙ ዘመን ያልተገለጸው መጽሐፍ በሣጥኑ ውስጥ ዝም ብሎ ቀረ፤ ዛሬም ያልተገለጸ ድረ ገጽ ዕጣው ያው ነው። የሙያ ማኅበራችን አባላት ሥራውን ለነጋዴው ብቻ ትተን ዳር ከቆምን፣ የደጋው ታሪክ ተጽፎ ሳለ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።