ጤነኛው ጆይስቲክ ለምን ይጣላል?

በኮልፌ 18 ማዞሪያም ሆነ በሌላ የአዲስ አበባ ሰፈር ጌም ቤት ያሳደገው ወጣት የፕሌይስቴሽን 2ን ጆይስቲክ ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል። ተራ ጠብቆ፣ "የተሸነፈ ይነሳ" እየተባለ የተጫወተበት ነው። ማሽኑ ያረጃል፤ ሲዲ የሚያነበው ሌንስ ይደክማል። ጆይስቲኩ ግን ላስቲኩ ተቀይሮ፣ ገመዱ ተበይዶ ከማሽኑ በላይ ይኖራል። ሶኒ የማሽኑን ምርት ማቆሙ የተሰማው እ.ኤ.አ. በ2013 መግቢያ ላይ ነው፤ በዚያው ዓመት የወጣው ፊፋ 14 ለፕሌይስቴሽን 2 የመጨረሻው ፊፋ ሆነ። ከዚያ በኋላ ጨዋታውን በኮምፒውተር ለመቀጠል የፈለገ ሰው እጁ ላይ ያለውን ጤነኛ ጆይስቲክ የሚሰካበት ቀዳዳ አጣ።

ችግሩ ግን ከፕሌይስቴሽን ይቀድማል። አይቢኤም በ1981 ለፒሲው ባለ15 እግር የጌም መሰኪያ አቀረበ። ኮምፒውተሩ የጆይስቲኩን ዘንግ አቅጣጫ የሚያውቀው አንዲት ካፓሲተር እስክትሞላ የሚፈጀውን ጊዜ በመቁጠር ነበር። ከአራት ቁልፍ በላይም አይቀበልም። በ1994 የመጣው ፕሌይስቴሽን ደግሞ ባለ9 እግር መሰኪያ ይዞ መጣ፤ ማሽኑ ይጠይቃል፣ ጆይስቲኩ በቁጥር ይመልሳል። ስለዚህ ገመድ ቆርጦ መቀጠል ብቻውን አይጠቅምም፤ ሁለቱ ቋንቋቸው አይገናኝም።

መጀመሪያ መላ የፈጠሩት ኩባንያዎቹ አልነበሩም። በትርፍ ጊዜያቸው ኤሌክትሮኒክስ የሚነካኩ ሰዎች ጆይስቲኩን ከፕሪንተር መሰኪያ ጋር በጥቂት ዳዮድ አገናኙት፤ ጥያቄውን ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲጠይቅ የሚያደርግ ሶፍትዌርም ጽፈው በነፃ ሰጡ። በ1996 ዩኤስቢ ሲመጣ ለኪቦርድ፣ ለማውስና ለጆይስቲክ የጋራ ቋንቋ ተገኘ። ዛሬ አዳፕተር የሚባለው ትንሽ ዕቃ ውስጥ ያለችው ቺፕ ሥራዋ አስተርጓሚነት ነው፦ በአንድ ወገን የድሮውን ቋንቋ ትሰማለች፣ በሌላው በዩኤስቢ ትናገራለች።

ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። አላለቀም። ማይክሮሶፍት በ2001 ያወጣው የመጀመሪያው ኤክስቦክስ ጆይስቲክ ውስጡ ዩኤስቢ ነው፤ የመሰኪያው ቅርጽ ግን ተለውጧል! ይህን የቴክኒክ ግዴታ ነው ብሎ መከራከር ያስቸግራል። በ2005 ኩባንያው ከኤክስቦክስ 360 ጋር ሌላ አሠራር አመጣ፤ በርካታ የኮምፒውተር ጌሞችም እሱን ብቻ መስማት ጀመሩ። ዊንዶውስ አሮጌውን ጆይስቲክ ያየዋል፣ ቁልፉ ሲነካም ያሳያል፤ ጌሙ ግን እንደሌለ ይቆጥረዋል። ሶኒም ከዚህ አይሻልም። የፕሌይስቴሽን 3 ጆይስቲክ በዩኤስቢ ገመድ ይሰካል፤ ግን አንድ የተለየ ትእዛዝ ካልደረሰው ድምፁን አያሰማም። ሊኑክስ ትእዛዙን ይልካል፣ ዊንዶውስ ተጨማሪ ሶፍትዌር ይፈልጋል።

ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ እየተመነዘረ ባለበት አገር አዲስ ጆይስቲክ በዶላር የሚመጣ ዕቃ ነው። በመሰኪያ ቅርጽ የተነሳ ደህናውን ጥሎ ሌላ መግዛት፣ ለኩባንያው የሽያጭ ስልት ከኪስ መክፈል ነው።

አሁን አሮጌውን ለጌሙ እንደ ኤክስቦክስ ጆይስቲክ አስመስለው የሚያቀርቡ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። የቁልፎቹ ቦታ ከተዘበራረቀ አንዴ አስተካክሎ ማስቀመጥ ይበቃል። የፕሌይስቴሽን 2ቱ በአዳፕተር ተሰክቶ ዘንጎቹ እንደሚገባ ካልታዘዙ፣ አዲስ ዕቃ ከመፈለግ በፊት መሃሉ ላይ ያለውን የአናሎግ ቁልፍ ተጭኖ ቀዩ መብራት መብራቱን ማየት ነው።